ከል የለበሰው ፓራፋንጎ

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። እነሱ ዘንድ አስከሬን አያድርም፤ ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ አፈር ለብሷል። እኛ ዘመድ ከየአገሩ እስኪሰበሰብ መጠበቅ የለመድን ሰዎች ሁሌም እንዘገይባቸዋለን። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሰሚት ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ከመግባቴ በፊት መንገዱ አስቆመኝ። ከአስፋልቱ አንሥቶ እስከ ቤታቸው በር ድረስ ግራና ቀኝ የመስክ መኪና ተደርድሯል። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ የሎሚ ቅጠል የመሰለ አለ። ከየጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ግን በሁሉም ላይ ጥቁር ነው። አጠገቤ የቆሙ አንዲት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አየሽ እህቴ፣ የዛሬ ልጅ ይሉኝታ የለውም ይላሉ። ይኸው መኪናውን ሳይቀር ከል አልብሶ መጣ።»

ለቅሶ ቤት በር ላይ ቆሞ ሰው ማረም ነውር ነው። ያ ጥቁር ግን ለጋሽ ሸምሱ አልነበረም። እነዚያ ወጣቶች ሳይገባቸው በቦሌ ጎዳና ላይ ለዓመታት ሲመላለሱ የኖሩት ለኔ ባል ከል ለብሰው ነው። ነገሩን በቅጡ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዱ አሁን የሉም። ሌላው የባለቤቴ ወንድም ነው፤ እሱ ደግሞ ከፊርማው በቀር ምንም መጻፍ አይወድም። ስለዚህ ለኔ ቀረ።

ጋሽ ሸምሱ ፓራፋንጎ ሠሪ ነበሩ። ከፋብሪካው በቆርቆሮ ተሠርቶ የመጣውን የጎማ ክዳን ያወርዱና በምትኩ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ሰፊና ወደ ውጭ አበጥ ያለ ይገጥማሉ፤ ከዚያም ይቀባሉ። ቅርጹን ራሳቸው ያወጡታል። የመስታወት ክር የመሰለውን ጨርቅ በሙጫ እያራሱ በቅርጹ ላይ ይደራርቡታል፤ ሲደርቅ ይፍቁታል። ብናኙ ቆዳ ላይ ካረፈ ሰውን ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከው ይውላል። ስለ ሥራቸው አስተያየት መስጠት የሚቃጣውን ደንበኛ መጀመሪያ «አሳክኮህ ያውቃል?» ይሉታል። ካላሳከከው መናገር አይፈቀድለትም።

ሲሠሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው በላዩ ነጭ ጋውን ይደርባሉ። ልብሳቸው ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ አይቼ አላውቅም። ሰው ሲያደንቅላቸው «ልብሱን የቀባ ቀቢ የደንበኛውን ቀለም ሰርቋል» ይላሉ። ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። በአዲስ አበባ ከሳቸው ሌላ ፓራፋንጎ ገጣሚ ስለመኖሩ ሲጠየቁ ጥቂት አስበው «የሚለጥፉ አሉ» ብለው ይመልሱ ነበር።

አካባቢው ለሚ ኩራ ከተባለ በኋላም ከታፔላቸው ላይ «ቦሌ» የሚለውን አላነሡም። ባለቤቴ ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው ሳቁ።

«ቦሌ የሚኖር ሰው ቦሌ መሆኑን ረስቶታል፤ ቦሌ የማይኖረው ነው ስሟን የሚወዳት። ደንበኞቼ በሙሉ የማይኖሩት ናቸው።»

ሌላው ልማዳቸው ማንኳኳት ነው። መኪና ሲመጣላቸው ከባለቤቱ ጋር ሰላም ከመባባላቸው በፊት በጣታቸው አንጓ በሩን ኳ ኳ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቆርቆሮው ተጋጭቶ ኖሮ ስቱኮ በሚባለው ልጥፍ ተሞልቶ ከሆነ ድምፁ ይደፈናል። «ስቱኮ» ይላሉ። ያልተነካ ነው ተብሎ የገዛው ባለቤት ፊቱ ይገረጣል። ልማዱ በመኪና ብቻ አልቆመም። አንድ ጊዜ ልጃቸው አዲስ አፓርታማ ሊገዛ ይዟቸው ሄደ። ጋሽ ሸምሱ መግቢያው ላይ ያለውን ምሰሶ አንኳኩ፣ አዳመጡ፣ ከዚያ በኋላ ደረጃውን አልረግጥም አሉ። ልጃቸው ሊፍት አለ፣ ጂም አለ፣ ጄኔሬተር አለ እያለ ቢለምናቸው «ሁሉም አለ። ቤቱ ነው የሌለው» ብለውት ተመለሱ።

በመስክ መኪና ቦሌ ላይ የሚንጎራደደውን ወጣት ይወዱትም ይንቁትም ነበር። እንጀራቸው እሱ ነው። አንድ ቀን የመጣ ሰው መኪናው ላይ ያልጫነው የለም። ከሞተሩ ተነሥቶ እስከ ጣሪያው የወጣ ቱቦ አለው፣ ጀሪካን አለው፣ አካፋ አለው። አካፋው የተገዛበት ፕላስቲክ አልወለቀለትም። ከጋሽ ሸምሱ ወርክሾፕ ጎን መኪና አጣቢዎች ስለነበሩ በሩ ፊት ሁልጊዜ ውሃ ይተኛል። ሰውየው ውሃው ጋ ሲደርስ ቆመና በመስኮት ተጣራ።

«ጋሼ! በሌላ በኩል መግቢያ አለ?»

«ያ ቱቦ ምን ይሠራል?» አሉት ጋሽ ሸምሱ።

«ይሄ? ወንዝ ውስጥ ሲገባ መኪናው እንዲተነፍስ ነው።»

«በል እንግዲህ ና ግባ። እስክትሻገር እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።»

«አሁን አሳጥቤው እኮ ነው!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ሸምሱ ሕግ አወጡ። ጭቃ ያልነካው መኪና የመስክ ፓራፋንጎ አይገጠምለትም። ወጣቶቹ ሕጉን ሰሙ፤ ግን ከከተማ ወጥቶ ጭቃ መፈለግ ማን ይችላል? አጣቢዎቹ ኩሬውን አስፋፉላቸው። ሰዉ እዚያው በሩ ፊት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይነዳና ቆሽሾ ይገባል። ጋሽ ሸምሱ ጭቃውን በጣታቸው ነክተው ያሸቱታል።

«የየት ጭቃ ነው?»

«የባሌ ነው ጋሼ።»

«የባሌ ጭቃ ከመቼ ወዲህ ነው ሳሙና ሳሙና የሚሸተው?»

ይሉና ግን ይሠሩላቸዋል። ሕግም ይከበራል፤ ሰውም ይበላል።

የኔን ባል ወርቅነህን ይህን ፈተና አልፈተኑትም። ወርቅነህ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ያቺን ያረጀች ነጭ የመስክ መኪና መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጥ ገዛት። እኔ አዲስ ፍሪጅ ነበር የጠበቅሁት። ጥቂት ዓመት ከነዳት በኋላ ፓራፋንጎዎቿን ዝገት በልቶ ስለጨረሳቸው ጋሽ ሸምሱ ጋ ወሰዳት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ እንደ ልማዳቸው ሊያንኳኩ ጣታቸውን ቢያሳርፉ ፓራፋንጎው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን በምላሳቸው ቀመሱ።

«ጨው!» አሉ። «ይህቺ መኪና አፋር ወርዳለች።»

«ዐሥራ አንድ ዓመት» አለ ወርቅነህ።

ቆባቸውን አወለቁ። ለሱ ይሁን ለመኪናዋ አልገባኝም። «ፋይበር እናልብሳት። ፋይበር ሞት እንጂ ዝገት አይነካውም።»

ሁለቱ ሰዎች ያን ቀን ተዋደዱ። ወርቅነህ በየሁለት ቀኑ ሥራውን ለማየት ይሄዳል፤ አሳክኮት ይመለሳል። ስለ ባሌ አንድ ነገር ልናገር። ወርቅነህ ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። ምግብ ጣፈጠው አልጣፈጠው በአርባ ዓመት አልነገረኝም። መሪ ሲጨብጥ ግን አንደበቱ ይፈታል። ገርጂ ካለው ቤታችን ቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ የሳምንቱን ይነግረኛል፤ መንገዱ ከተዘጋጋማ የልጅነቱን ጭምር። የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የትራፊክ መጨናነቅን ሲረግም እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ከትዳራችን ወሬ አብዛኛውን የተነጋገርነው በዚያች መኪና ውስጥ ነው።

ወርቅነህ ያረፈው ፓራፋንጎዎቹ ተገጥመው ገና ሳይቀቡ ነው። ልቡ ነው፤ በአንድ ማለዳ። ጋሽ ሸምሱ ነጩን ቀለም መጥቶ እንዲያይ ሲደውሉለት ስልኩን ያነሣው ለቀስተኛ ነበር። በዚያው ሰዓት መጡ። ድንኳኑ በር ላይ ደርሰው የድንኳኑን ብረት በጣታቸው አንጓ ሁለቴ መቱ። ማዳመጣቸውን አየሁ፤ ምን እንደሰሙ እንጃ። እስከ ማታ ተቀመጡ።

አርባው ካለፈ በኋላ የወርቅነህ ታናሽ ወንድም ጌታሁን መጣ። ጌታሁን ደግ ሰው ነው። ለቅሶውን ከድንኳን እስከ ተዝካር በሱ ጫንቃ ተሸክሞታል፤ ስለዚህ የሚለውን እምቢ ማለት አልችልም ነበር። እሱም ይህን ያውቃል።

«እትዬ፣ መኪናዋን እንሽጣት። እርስዎ አይነዱም። ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ከሚሞት ገዢ አግኝቻለሁ፤ በአዲሱ ፓራፋንጎ ጥሩ ታወጣለች።»

ልቤ እምቢ አለ፤ አፌ ግን «እንዳልክ» አለ። ገዢው ኪሩቤል የሚባል የቤት ደላላ ነበር። ሦስታችን ተያይዘን ሰሚት ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ሸራውን ገፈፉት። መኪናዋ እንደነበረች ነጭ ናት፤ አራቱም ፓራፋንጎዎቿ ግን ድፍን ጥቁር ናቸው። እንደ ሬሳ ሳጥን የሚያበራ ጥቁርም አይደለም፤ ብርሃን የሚውጥ፣ ደብዛዛ፣ እንደ ለቅሶ ጨርቅ ያለ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ጌታሁን። «ነጭ ነበር እኮ የተባለው!»

«ነጭ የተባለው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ነው።»

«እና?»

«እናንተ ክርስቲያኖች ሰው ሲሞትባችሁ ምን ትለብሳላችሁ? ጥቁር። ለምን ያህል ጊዜ? ዓመት። በኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይወጣል፤ ተሸልሞ በለቅሶው መሐል ይዞራል። ወንድምህ ፈረስ አልነበረውም። ፈረሱ ይህቺ ናት። ሁላችሁ ከል ለብሳችሁ እሷ ራቁቷን ትቁም?»

የኛን ወግና የሳቸውን ወግ እንደ ሁለት ዓይነት ቀለም አንድ ጣሳ ውስጥ በጥብጠውት ነበር። እኛ ቤት መኪና ከል አይለብስም። እነሱ ቤት ደግሞ ከል ራሱ የለም። ሊቆጣ የነበረው ጌታሁን ግን ፈረስ የሚለውን ሲሰማ ጥቁሩን ፓራፋንጎ በእጁ ዳሰሰ።

ኪሩቤል ወደ ኋላ ሄደ። «ቆይ፣ ቆይ ጋሼ። ይሄ የሞተ ሰው መኪና ነው?»

«የሞተ ሰው ፈረስ ነው አልኩህ።»

«ብሮ፣ ሉኩ ያምራል፤ ግን ቫይቡ…» ለጌታሁን ነው። «እናቴ ይሄን ግቢ አታስገባውም። ሶሪ።»

ሽያጩ ፈረሰ። ጌታሁን እየተብሰለሰለ መኪናዋን ወደ ቤት ሲነዳ እኔ በቦታዬ፣ በስተቀኝ ተቀምጬ ነበር። መስቀል አደባባይ ቆሜ እልል ማለት አምሮኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ጌታሁን በሷው ወደ መድኃኔዓለም ይወስደኝ ጀመር። ጌታሁን ሲነዳ አይናገርም፤ ግን ወንበሩ ያው ወንበር ነው፣ ሽታውም። ቅዳሴ ወጥተን ስንመለስ መኪናዋን ወጣቶች ከበዋት እናገኛለን። ፎቶ ያነሣሉ፤ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። «ማዘር፣ ይሄን ማን ነው የሠራላችሁ?» አለኝ አንዱ። ነገርኩት። ክፋት አልታየኝም።

ወር ሳይሞላ ጋሽ ሸምሱ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ሁሉም ጥቁር ፓራፋንጎ ይፈልጋል። በዚያን ሰሞን ስለ ቀለሙ ላመሰግናቸው ሄጄ ወንበር ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ሲያስጠላኝ እሄድ ነበርና ያየሁትን ነው የምጽፈው። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዱን ደንበኛ ፊት ለፊት አቁመው ይጠይቃሉ።

«ማን ሞተብህ?»

«ማንም አልሞተብኝም፤ ምነው ጋሼ?»

«እንግዲያው አልቀባም። ይህ የለቅሶ ቀለም ነው።»

«ኧረ ስታይል ነው!»

«ስታይልህን አስቀብረህ ና።»

ልጁ ይሄዳል፤ በማግስቱ ሟች ይዞ ይመለሳል።

«አያቴ ሞቷል ጋሼ።»

«አላህ ይማረው። መቼ?»

«እኔ ሳልወለድ።»

«በጣም ነው የዘገየህ» ይሉና ቀለሙን ያስበጠብጣሉ። ሲያስረክቡ ደግሞ ያስጠነቅቃሉ። «ልክ በዓመቱ ትመጣለህ፤ ከሉን አወርድልሃለሁ። ከዓመት በላይ መልበስ ሟችን ማወክ ነው።» ሁሉም «እሺ ጋሼ» ይላል። ኋላ ዓመቱ ሲሞላ አንድ እንኳ አልመጣም። ጋሽ ሸምሱ ይህን በጣም አዘኑበት፤ የዛሬ ልጅ ለቅሶ መግባት እንጂ መውጣት አያውቅም ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ በቦሌ መንገድ ሲሄዱ ከፊታቸውም ከኋላቸውም ጥቁር ፓራፋንጎ ሲያዩ ወደኔ ደወሉ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ባልዎ ዛሬም እየተለቀሰላቸው ነው። ከዚህ እስከ ኤርፖርት ድረስ ተዘግቷል።»

ከሞተ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው።

የወርቅነህ ሙት ዓመት ወጣ። በዚያው ሳምንት ጌታሁን እንደገና መጣ፤ ከኋላው ኪሩቤል። እናቱ ፈቅደዋል ማለት ነው። አሁን ጥቁር ፓራፋንጎ ያለው ሁሉ ቅጂ ነው፤ የመጀመሪያዋ የኛዋ ናት።

«ኦሪጅናሏ ነች፣ ማዘር» አለኝ ኪሩቤል እጄን በሁለት እጁ ይዞ። «ሌጀንድ ነች። ቀለሟ ሳይነካ ነው የምፈልጋት።»

ጌታሁን ለብቻዬ ሲያገኘኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ቆማ ልታልቅ ነው። እኔም ሁሌ እየመጣሁ ልነዳ አልችልም፤ ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ቅዳሜ ሊወስዳት ነው፤ እሺ ይበሉኝ።»

እሺ አልኩት። ያን እሺታ ለማፍረስ አንድ ዘዴ ብቻ ታየኝ። ኪሩቤል የሚፈልገው ጥቁሩን ነው፤ ነጭ ከሆነች ተራ አሮጌ መኪና ናት። በማግስቱ ቁልፉን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቼ መኪናዋን ሰሚት አስነዳኋት።

«ነጭ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ጋሽ ሸምሱ ከራስጌ እስከ ግርጌ አዩኝ። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ጫማ።

«ዓመቱ መቼ ወጣ?»

«ባለፈው እሑድ።»

«ታዲያ ይህ በላይዎ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

«ፓራፋንጎው ደግሞ የኔ ጉዳይ ነው። እመቤቲቱ ከል ለብሳ ፈረሷ ነጭ ለብሶ የት ታይቷል? አልቀባም።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ቅዳሜ ሊወስዷት ነው! ጥቁር ሆና ካገኟት ትሄዳለች።»

«ትሄዳለቻ።»

«ለዚያ ሁሉ ጎረምሳ የሌለ ሟች እየፈለጉ ሲቀቡ የኖሩት ለኔ ሲሆን ነው ሕግ ያለብዎት?»

ይህ ነካቸው። ጣታቸውን አጥፈው የተቀመጥኩበትን ወንበር መደገፊያ፣ ልክ ከትከሻዬ ኋላ፣ ኳ ኳ አደረጉት። ዓይናቸውን ግን አልጨፈኑም።

«ለነሱ የቀባሁት ቀለም ነው። የርስዎ ግን ከል ነው። ከሉን ከመኪናዋ ላይ አውርጄ እርስዎ ላይ ከተውኩት ስቱኮ ሠራሁ ማለት ነው። ከላይ ያማረ፣ ከውስጥ የተጣመመ። እኔ ስቱኮ አልሠራም።»

«እርስዎ ስለ ኀዘን ምን ያውቃሉ?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበርና ሠራተኞቹ ብርጭቆ ወረቀታቸውን ይዘው ቀጥ አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ጋውናቸውን አስተካከሉ።

«እኛ ዘንድ ሴት ባሏ ሲሞት አራት ወር ከዐሥር ቀን ትቀመጣለች። ወንድ ሚስቱ ስትሞት ሦስት ቀን ነው። ሚስቴ ስትሞት በአራተኛው ቀን እዚህች ጋ ቆሜ የሰው መኪና እረጭ ነበር። በርታ አሉኝ፤ በረታሁ። የማወልቀው ነገር አልሰጡኝም፣ ወይዘሮ ጽጌ። እርስዎ ተሰጥቶዎታል፤ ደግሞ አላወልቅም ይላሉ።»

ወንበሩን በአገጫቸው ጠቆሙ።

«በሉ አሁን ከወንበሩ ይነሡልኝ፤ ደንበኛ ይቀመጥበታል» አሉ።

ደንበኛ አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ቁም ሣጥኔን ከፈትኩ። በለቅሶው ሰሞን ቀሚሶቼን ሁሉ ሰብስበው ጥቁር ነክረውልኝ ነበር። ያልተነከረችው አንዲት ቢጫ ብቻ ናት፤ ጨርቋ ቀለሙን አልይዝ ብሎ እህቴ ወደ ጥግ ወርውራታለች። ወርቅነህ በዚያች ቀሚስ ሲያየኝ ከሩቅ ታክሲ የመጣ ይመስለኛል ይል ነበር፤ መኪና ውስጥ ነው ያለኝ እርግጥ። ለበስኳት። ሻሼን ፈታሁ። መኪናዋን እዚያው ትቻት ስለነበር ከገርጂ ሰሚት በሚኒባስ ሄድኩ፤ ረዳቱ «ግቡ እናቴ» ሲለኝ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ማንም አላየኝም።

ጋሽ ሸምሱ አዩኝ። የሚያጽናና ነገር እንዳይናገሩ ፈርቼ ነበር።

«ይህን ቀለም ማን መረጠልዎ?» አሉ።

«ራሴ።»

«ከርስዎ አልጠብቅም ነበር።» ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «ነጩን በጥብጡ።»

ሥራው ባንድ ቀን አያልቅም። ጥቁሩ መፋቅ አለበት፣ መሠረቱ መረጨት አለበት፣ መድረቅ አለበት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጌታሁንና ኪሩቤል እኔንም መኪናዋንም ቤት አጥተው ሰሚት ሲደርሱ የግራው ወገን ነጭ ሆኗል፤ የቀኙ ገና ጥቁር ነው። መኪናዋ ጋዜጣ ተለጥፎባት መሐል ላይ ቆማለች።

«ኖ! ኖ! ኖ!» ኪሩቤል ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ኦሪጅናሏን!»

«ዓመቷ ወጣ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ኪሩቤል ዞሯት። በግራ አየ፣ በቀኝ አየ፣ ቆመ። ስልኩን አወጣ። «ቆይ ግን… ግማሽ ግማሽ! ይሄማ ይበልጥ ያምራል እኮ! እንዲህ እንዳለች ተዉልኝ፤ አሁኑኑ እወስዳታለሁ!»

ጋሽ ሸምሱ በሙሉ ልብሳቸው ሮጠው ስልኩ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው መኪናዋን ሲከልሉ ላየ ሰው በሬ የሚመልሱ ይመስል ነበር።

«አጥፋው! አጥፋ ብያለሁ! ከተማውን ሙሉ ግማሽ ለቀስተኛ ልታደርግብኝ ነው?»

ዘዴዬ ከሸፈ። ነጭም ብትሆን፣ ጥቁርም ብትሆን፣ ዥንጉርጉርም ብትሆን ኪሩቤል ይገዛታል። ቀለም አያድነኝም። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን እንደዘረጉ አንገታቸውን ወደኔ መለሱ፤ በምንም አልረዱኝም።

«ጌታሁን» አልኩ።

«አቤት እትዬ።»

«መኪናዋ አትሸጥም።»

«እሺ ብለውኝ እኮ ነበር።»

«ብዬ ነበር። አሁን አልሸጥም አልኩ። ሹፌር እፈልጋለሁ፤ ካጣሁ ቆማ ትኑር። ወንድምህ እዚያ ውስጥ ነው ሲያናግረኝ የኖረው።»

ጌታሁን ከገባ ጀምሮ መኪናዋን ብቻ ነበር ያየው። አሁን እኔን አየ፤ ቢጫውን ቀሚስ፣ የተገለጠውን ፀጉሬን። ከዚያ እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። ዓመቱን ሙሉ ለሥራም ለሠርግም ለብሶት የኖረውን ጥቁር ከረባት ፈታ፤ ፈትቶ የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ይዞት ቆመ።

ጋሽ ሸምሱ ቀረብ ብለው ከእጁ ተቀበሉት። በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ይህ ለቀለም መጥረጊያ እንኳ አይሆንም» ብለው መለሱለት። «ኪስህ ክተተውና ና፣ ያንን ጋዜጣ በዚያ በኩል ወጥርልኝ። ቀኙ ገና ነው።»